ላንድሮቨር በቢቸናና በሞጣ ሚዛን፦ የአንድ የመኪና ዘር ሞዴሎች ዳሰሳ

በ1948 ብሪታንያ ውስጥ ጠባያቸው እጅግ የተራራቀ ሁለት መኪኖች በስድስት ወር ልዩነት ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለ ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አንደኛው በሚያዝያ ወር በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት የቀረበው ላንድሮቨር ሲሆን፣ ሁለተኛው በጥቅምት ወር ለንደን ላይ የታየው ጃጓር ኤክስ ኬ 120 ነው፤ ይህ ሁለተኛው የስፖርት መኪና ከሚባለው ወገን ነው፣ ማለትም ለፍጥነትና ለመንዳት ደስታ ተብሎ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሁለት ሰው በላይ የማይዝ መኪና ነው። የሁለቱም የመጀመሪያ ምርቶች ውጫዊ አካል ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር። ጃጓር ብዙም ሳይቆይ ወደ ብረት ሲዞር ላንድሮቨር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበረው የብረት እጥረት የተነሳ የያዘውን አሉሚኒየም እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። ጃጓር ከኤክስ ኬ 120 ወደ 140፣ ከዚያም ወደ 150 አልፎ በ1961 ኢ-ታይፕን ሲያወጣ፣ መልኩም ሞተሩም ስሙም ይለዋወጥ ነበርና አንዱን ሞዴል ከሌላው መለየት ለተመልካች አያስቸግርም። ላንድሮቨር ግን አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቢቆሙ ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ ተጎንብሶ ማየት የሚጠይቅ ዘር ነው፤ ስለ ሞዴል ምንነት ለሚጠይቅ ሰውም የበለጠ የሚያስተምረው ይኸው ዘር ነው። ለኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ የብሪታንያ መኪና ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው እሱ እንጂ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ በቅጡ የማይርቀው የስፖርት መኪና አይደለም።

የላንድሮቨርን ሞዴሎች በፋብሪካው መዝገብ ቅደም ተከተል ብቻ መዘርዘር ይቻላል፤ ብዙዎቹ መጻሕፍትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን መኪናው የተሠራው ለክፉ መንገድ ስለሆነ በክፉ መንገድ መመዘኑ ተገቢ ነው፣ ለዚህም ምሥራቅ ጎጃም ጥሩ ሚዛን ይሆናል። ቢቸናና ሞጣ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የየራሳቸው አውራጃ ዋና ከተማ የነበሩ ሲሆኑ፣ ዛሬ ቢቸና የእነማይ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ሞጣን የሚከባት ደግሞ ሁለት እጁ እነሴ ነው። ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጮቄ ተራራና በዓባይ በረሃ መካከል በተዘረጋው ሜዳ ተቀምጠዋል፤ ከጮቄ የሚወርዱት እንደ ሙጋና ሱሃ ያሉ ወንዞችም ያንን ሜዳ እየሸረሸሩ ገደል አድርገውት ወደ ዓባይ ያልፋሉ። ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠር ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው አፈር በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ ዋልካ ጤፍን የሚያበቅለው፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው፣ በክረምት ደግሞ እንደ ሊጥ የሚለጠጠው ጥቁር የሸክላ አፈር ነው።

ዋልካ መኪናን የሚይዝበት መንገድ ከአሸዋ የተለየ ነው። አሸዋ ላይ ጎማ የሚሰምጠው መሬቱ ስለሚሸሸው ሲሆን፣ ዋልካ ላይ ግን ጭቃው በጎማው ጥርሶች መካከል ይሞላና ጥርስ የነበረውን ጎማ ልሙጥ ያደርገዋል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር አዲስ ጭቃ ይደርብበታል፣ ጭቃው ከጎማው በላይ ባለው ጭቃ መከላከያ፣ በፓራፋንጎው ሥር ይጠራቀማል፣ በመጨረሻም ጎማው መዞር ራሱ ይከብደዋል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያወጣው የሞተር ጉልበት ብዛት ሳይሆን አራቱም ጎማ ቀስ ብሎ፣ ሳይንሸራተት፣ በአንድነት መግፋቱ ነው። እዚህ ላይ ከፍታው ይጨመራል፤ በ2500 ሜትር አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ በመሆኑ፣ አየርን በራሱ ብቻ የሚስብ ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ የላንድሮቨር ሞዴል ቢቸና ሲደርስ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፦ በዝግታ እንዴት ይገፋል? የሳሳ አየርስ ምን ያህል ይተውለታል?

ወደ ሞዴሎቹ ከመግባት በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። መኪናው የእንግሊዝ ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ጋራዥ ውስጥ ብልቶቹ የሚጠሩት በአብዛኛው ከጣሊያንኛ በመጣ ስም ነው፤ የማርሽ ሳጥኑ ካምቢዮ፣ ኃይሉን የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን፣ በንብርብር ብረት የተሠራው መሸከሚያ ባሌስትራ፣ የሞተሩ ክዳን ኮፋኖ፣ የሞተሩ ራስ ቴስታታ ይባላል። በርሚንግሃም አጠገብ በምትገኘው በሶሊኸል የተገጣጠመ መኪና ጎጃም ደርሶ በሮም ቋንቋ መፈታቱ የታሪክ ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም መካኒኩን ከመኪናው ጋር ያግባባው ይኸው ቋንቋ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍም እነዚሁ ቃላት ያገለግላሉ።

የላንድሮቨር አሳቢ ሞሪስ ዊልክስ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ነበር። በዌልስ በሚገኝ ደሴት ላይ ባለው እርሻው ከጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይጠቀም ስለነበር የገበሬ መኪና ምን መምሰል እንዳለበት ከዚያ ተማረ። የመጀመሪያው ላንድሮቨር ዛሬ ሲሪየስ አንድ የሚባለው ነው፤ ሲሪየስ ማለት ተርታ ወይም ትውልድ ማለት ሲሆን፣ በወቅቱ ግን ሁለተኛው ገና ስላልተወለደ አንደኛ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 80 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ከ3 ሳንቲሜትር ነበር፤ ሞተሩ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሆኖ 50 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። ሻንሲው፣ ማለትም መኪናው ሁሉ የሚያርፍበት መሠረት፣ በመጭመቂያ የሚቀረጽ ብረት ውድ ስለነበር ከጠፍጣፋ የብረት ቁራጮች ተበይዶ የተሠራ አራት ማዕዘን ቱቦ ነው። ይህ የድህነት ብልሃት ለድሃ አገር ጋራዥ በረከት ሆነ፤ በብየዳ የተሠራ ነገር በብየዳ ይጠገናልና።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ በርዝመት ላይ ነበር፣ ከሁሉም የሚበልጠውም ለውጥ ይኸው ነው ማለት ይቻላል። ከ1954 ጀምሮ አጭሩ 86፣ አዲስ የመጣው ረጅሙ ደግሞ 107 ኢንች ሆነ፤ በ1956 ሁለቱም ገና ለሚመጣው የናፍጣ ሞተር ቦታ ለማግኘት በሁለት ኢንች ረዘሙና 88 እና 109 ተባሉ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አልተነቃነቁም። ፋብሪካው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ትውልድ ቢቆጥርም፣ ለሚጠቀምበት ሰው ዋናው ክፍፍል አጭርና ረጅም የሚለው ነበር። አጭሩ ከነጂው ሌላ 450 ኪሎ ያህል ይጭናል፣ በጤፍ ቋንቋ አራት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው፤ ረጅሙ ደግሞ ወደ 9 ኩንታል ይደርሳል። አንድ የሲሪየስ ሁለት 109 ከአንድ የሲሪየስ ሁለት 88 ይልቅ ለሲሪየስ ሦስት 109 ይቀርባል፤ ሥራው አንድ ነው፣ ባሌስትራው ያንኑ ያህል ይሸከማል፣ የሚጭነውም ሰው ያው ነው። የመኪና ወዳጆች የሚያከብሩት የትውልድ ቁጥር እንግዲህ ለገበያ ቀን ብዙም አይጠቅምም።

ሲሪየስ ሁለት በ1958 የመጣ ሲሆን ጎኑ ላይ ከወገቡ ከፍ ብሎ ወጣ ያለው ጉብታ መለያው ነው፤ ዛሬ ላንድሮቨር ሲባል በዓይነ ኅሊና የሚመጣው መልክ የዚህ ነው። አብሮት የመጣው 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። በ1961 ሲሪየስ ሁለት ኤ ሲተካው ተመሳሳይ መጠን ያለው 62 የፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተር ተጨመረ፤ ይህ ሞተር ቢቸና ሲደርስ በእጁ የሚቀረው ከ50 በታች ነው። ቁጥሩ የሚያሳዝን ቢመስልም መኪናውን ለመዳኘት ካምቢዮውን ማየት ያሻል። ከአራቱ ማርሾች በተጨማሪ ኃይሉን የሚያበዛና ፍጥነቱን የሚቀንስ ሁለተኛ የማርሽ ሳጥን አለ፤ ከነጂው ጉልበት አጠገብ ካሉት ዘንጎች ቢጫ ጉልላት ያለው ወደ ታች ሲጫን የፊት ጎማዎችን ያስገባል፣ ቀይ ጉልላት ያለው ወደ ኋላ ሲሳብ ደግሞ መኪናውን ወደ ከባዱ ማርሽ ያወርደዋል። ቀዩ የተሳበለት ላንድሮቨር በሰው እርምጃ ፍጥነት ይሄዳል፣ ግን ይሄዳል። የሞተሩን ማነስ የሚያካክሰው ይህ ነው፤ የሱሃን ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬኑን ሳያቃጥል በሞተሩ ብቻ ተይዞ እንዲወርድ የሚያደርገው ይኸው ቀይ ዘንግ ነው።

በሲሪየስ ሁለት ኤ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ፣ ይህም የላንድሮቨርን ትውልዶች ፋብሪካው ባላሰበው ቦታ ላይ ለሁለት ይከፍላቸዋል። በሰኔ 1956 ዓ.ም. የአገሪቱ ተሽከርካሪ ከግራ ወደ ቀኝ የመንገዱ ጠርዝ ተዛወረ። ከዚያ በፊት የሚስማማው መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ሲሆን ከዚያ በኋላ መሪው በግራ የሆነው ሆነ። ላንድሮቨር ይህን ለውጥ ብዙም ሳይቸገር ሊቀበል የሚችል መኪና ነበር። ገና ሲታሰብ አንደኛው የሙከራ መኪና መሪው መሐል ላይ ነበር፤ እስከ ሁለት ኤ ድረስም የፍጥነትና የነዳጅ መቁጠሪያዎቹ በነጂው ፊት ሳይሆን በመሐል ይቀመጡ የነበሩት አንዱ ሰሌዳ ለግራውም ለቀኙም አገር እንዲያገለግል ነው። ስለዚህ ሁለት ኤ በውጭ አገር መጻሕፍት አንድ ሞዴል ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ሚዛን ከ1956 ዓ.ም. በፊትና በኋላ የሚባል መስመር ያልፍበታል። የፊት መብራቶቹ ከመሐል ወጥተው ወደ ሁለቱ ፓራፋንጎዎች የተዛወሩትም በዚሁ ሞዴል ዕድሜ መጨረሻ፣ በ1968 እና በ1969 ነው፤ ብዙ ሰው መብራቱን አይቶ ሲሪየስ ሦስት ነው ብሎ የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

ረጅሙ ሁለት ኤ ስቴሽን ዋገን ተብሎ በመስኮትና በወንበር ሲሠራ በመጀመሪያ 10፣ ቆይቶ 12 ሰው የሚይዝ ሆነ። አሥራ ሁለተኛው ወንበር የተጨመረው ለምቾት አልነበረም፤ በብሪታንያ ሕግ 12 ሰው የሚይዝ መኪና እንደ አውቶቡስ ተቆጥሮ ከግዢ ቀረጥ ነጻ ይሆን ስለነበር ነው። አንድ የለንደን የቀረጥ አንቀጽ ለአፍሪካ የገጠር መጓጓዣ ወንበር ጨመረለት ማለት ነው። በጣሪያው ላይ ሁለተኛ ጣሪያ የሚደረብለትና በሁለቱ መካከል አየር የሚያሳልፈው ዓይነት ደግሞ ለሙቅ አገር የታሰበ ሲሆን፣ ለዓባይ በረሃ ቢስማማም ለጮቄ ብርድ ከጌጥ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ሲሪየስ ሁለት ኤ ለኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለፖሊስ በሠራበት ዘመን ቢቸናና ሞጣ ሁልጊዜ ሰላም አልነበሩም፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም የተነሳው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ከበረታባቸው ቦታዎች እነዚህ ሁለት አውራጃዎች ይገኙበታል። መኪና የሚደርስበትና በቅሎ ብቻ የሚደርስበት አገር መለያየት በዚያን ጊዜ የአስተዳደርም ጉዳይ ነበር። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ይህ የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆርጦ የቀረ ሲሆን፣ በቅርብ ዘመን ተጠግኖ፣ ጥገናውንም ጎርፍ ወስዶት፣ በመጨረሻ በ2009 በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ መሻገሪያ ተሠርቶለታል። በዚያ በኩል የትኛውም ላንድሮቨር፣ አጭርም ይሁን ረጅም፣ አይሻገርም።

ሲሪየስ ሦስት በ1971 የመጣ ሲሆን ስለ እሱ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። የፊት ፍርግርጉ ፕላስቲክ ሆነ፣ መቁጠሪያዎቹ ወደ ነጂው ፊት ተዛወሩ፣ ከሁሉም የሚጠቅመው ደግሞ አራቱም የፊት ማርሾች ሲንክሮናይዘር፣ ማለትም ጥርሶቹ ከመገናኘታቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስማማ ቀለበት አገኙ። ከዚያ በፊት አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ይህ ስላልነበራቸው ነጂው ማርሽ ሲቀንስ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጦ በመሐሉ ነዳጅ መስጠት ነበረበት፤ ይህን ያልቻለ ሰው ካምቢዮውን እያስጮኸ ይገባ ነበር። በተመሳሳይ ዘመን ለረጅሙ የተሰጠው ሳሊዝበሪ የሚባለው ጠንካራ የኋላ ዲፈረንሻል ከፕላስቲኩ ፍርግርግ ይልቅ ሊወደስ ይገባው ነበር፤ ምክንያቱም የቀደሙት ሁሉ የታወቀ ሕመም ሰሚያስ መሰበር ነው። ሰሚያስ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ሲሆን፣ ጭነት የበዛበት መኪና ጭቃ ውስጥ ተይዞ ነጂው በንዴት ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቅ እንደ ደረቅ እንጨት ይቆረጣል። የላንድሮቨር ንድፍ ደግነት ግን እዚሁ ላይ ይታያል፦ የተሰበረው የኋላ ሰሚያስ ከሆነ የፊት ጎማዎቹ በቢጫው ዘንግ ገብተው መኪናውን እስከ ከተማ ሊያደርሱት ይችላሉ።

የጦር ሠራዊት ዓይነቶቹን፣ በሄሊኮፕተር እንዲነሳ የቀለለውን አጭር እና ነጂው ሞተሩ ላይ የተቀመጠበትን ባለ 101 ኢንች፣ በስም ማንሳቱ ይበቃል። በ1979 የመጣው ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ረጅም ዓይነትም ለነዳጅ ባለው ስስት የተነሳ ለገጠር ከተማ የሚታሰብ አልነበረም።

እውነተኛው ስብራት የመጣው በ1983 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው 110 እና በቀጣዩ ዓመት የተከተለው 90 ባሌስትራን ጥለው በሞላ፣ ማለትም እየተጠመዘዘ በተጠቀለለ ብረት ላይ ቆሙ፤ አራቱ ጎማዎችም ሁልጊዜ የሚገፉ ሆኑ። መልኩ ያው ላንድሮቨር ቢመስልም ከሥሩ ሌላ መኪና ነው። ሞላ ተጓዡን አይቀጠቅጥም፣ ጎማውንም ከመሬት ጋር አቆራኝቶ ይይዛል፤ ነገር ግን ባሌስትራ ቅጠሉ ቢሰበር የአካባቢ አንጥረኛ ቅጠል ሊተካለት ሲችል ሞላ ከተሰበረ አዲስ ከመግዛት ሌላ መላ የለውም። ያተረፈው ተሳፋሪው ነው፣ ያጣው ጋራዡ።

በ1990 ስሙ ዲፌንደር ሆነ፤ ምክንያቱ ዲስከቨሪ የሚባል ሌላ ሞዴል ስለወጣና ላንድሮቨር የሚለው የአንድ መኪና ስም መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ስም ስለሆነ ነው። ለደጋው ሰው ከስሙ ይልቅ ቁም ነገሩ አብሮት የመጣው 200 ቲዲአይ የተባለ የናፍጣ ሞተር ነው። ይህ ሞተር ተርቦ አለው፤ ተርቦ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ለቆላ ሰው ተርቦ ፍጥነት ነው፤ ለሞጣ ግን ከፍታው የወሰደውን አየር የሚመልስ መድኃኒት ነው። ሃምሳ እንኳ ከማይሞላ ጉልበት ከመቶ በላይ ወደሚሰጥ ሞተር መሻገር ከ1948 ወዲህ ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ ለዚህ ምድር የሚበልጠው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1998 የመጣው ቲዲ 5 ግን በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ ሆነና መፍቻና ጆሮ የነበረው መካኒክ ኮምፒውተር የሚጠይቅ በሽታ ገጠመው። የመጨረሻው ዲፌንደር ጥር 29 ቀን 2016 ከሶሊኸል ወጣ፤ በስሎቫኪያ የሚሠራውና ያንኑ ስም የወረሰው አዲሱ መኪና ሻንሲ የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም።

በዚህ መካከል ቦታውን የወሰደው ከጃፓን የመጣው ላንድክሩዘር ነው፤ ስሙ ራሱ በ1954 የተመረጠው ከላንድሮቨር ላለማነስ እንደሆነ ይታወቃል። ላንድክሩዘር በብዙ ነገር ከላንድሮቨር የጠነከረ ሲሆን፣ በተለይ ሰሚያስ መስበር የእሱ ጠባይ አይደለም። ላንድሮቨር ብልጫ ያለው በማይዝገው የአሉሚኒየም አካሉ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ሥሩ ያለው ሻንሲ ብረት ነውና አካሉ እንደ አዲስ እያበራ መሠረቱ በዝገት የተበላ ላንድሮቨር ማየት የተለመደ ነው።

ከሲሪየስ ሁለት እስከ ሲሪየስ ሦስት ያሉት ትውልዶች ብልቶቻቸው በብዛት መለዋወጣቸው የሞዴልን ጥያቄ ያወሳስበዋል። የሲሪየስ ሦስት ካምቢዮ ከሁለት ኤ ሞተር ጋር ይገጥማል፣ በሩ ከበሩ ይስማማል፣ የናፍጣው ሞተር በቤንዚኑ ቦታ ይቀመጣል። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለው መኪና ንጽሕናውን ያጣ ተደርጎ ዋጋው ይወርዳል፤ መኪናው እንጀራ በሆነበት አገር ግን መሄዱ ነው የሚጠየቀው፣ ይህም ከሰብሳቢዎቹ መለኪያ ይልቅ ለመኪናው አሳብ የታመነ ነው፤ ዊልክስ ያሰበው የገበሬ መሣሪያ እንጂ የዕቃ ቤት ጌጥ አልነበረም። ሕግ በበኩሉ መልስ አለው፦ በሊብሬው፣ ማለትም በመኪናው የባለቤትነት ደብተር ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ለየብቻ ይሰፍራሉ፤ ሞተሩ ቢቀየር መኪናው ያው መኪና ነው፣ ሻንሲው ቢቀየር ግን ሌላ ነው። የሻንሲው ቁጥር በሲሪየስ መኪኖች ላይ በፊተኛው ባሌስትራ መያዣ ላይ ተቀርጿል። የመጀመሪያዎቹ አኃዞች አጭር ወይም ረጅም፣ ቤንዚን ወይም ናፍጣ፣ መሪው ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን ሲናገሩ፣ በመጨረሻ የሚመጣው ፊደል ደግሞ በአንዱ ሞዴል ውስጥ የተደረገውን ማሻሻያ ያመለክታል። ቦታው የፊት ጎማ ጭቃ የሚረጨበት ስለሆነ ቁጥሩን ማንበብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የደረቀውን ዋልካ፣ ቀጥሎ የተደራረበውን ቀለም፣ በመጨረሻም ዝገቱን መፋቅ አለበት፤ ያ የሻንሲ ጫፍ በዝገት ተበልቶ በሌላ ብረት ተበይዶ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ አብሮ ሄዷል፣ የመኪናውን ማንነት የሚናገረው ሊብሬው ብቻ ነው።